ፈተናው ይኑር፤ ኮታውን ግን ‹‹ደኅንነት›› አትበሉት

ሐበሻ በብዛት በሰፈረባቸው የአሜሪካ ከተሞች፣ በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በሲያትል፣ አገር ቤት ሐኪም የነበረ ዛሬ ግን በሌላ ሥራ የሚተዳደር ሰው የማያውቅ ቤተሰብ ማግኘት ይቸግራል። አንዱ ኡበር ይነዳል። አንዷ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያንን ታጥባለች፣ ታገላብጣለች። ሌላው በሆስፒታል አስተርጓሚነት ተቀጥሮ ሐኪሙ በእንግሊዝኛ የተናገረውን ለታካሚው በአማርኛ ያደርሳል። ወሬው በተነሳ ቁጥር ከንፈር ይመጠጣል፤ ወዲያው ግን ከተሰበሰበው አንዱ ነገሩን ይቋጨዋል፦ ‹‹ምን ይደረግ? የሰው ሕይወት እኮ ነው! የእኛ ዲግሪና የእነሱ ዲግሪ አንድ አይደለም። እንደገና ይማሩ እንጂ!›› ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ ጨዋታው ወደ ሌላ ይዞራል።

ይህን የሚለው ቡና የሚጠጣ ሰው ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ ነበር። በየስቴቱ ምክር ቤት የሐኪሞች ፈቃድ ጉዳይ በቀረበ ቁጥር ተቃዋሚዎች የሚያነሱት ይህንኑ ነው። የባሰው ደግሞ በሩ የተዘጋባቸው የእኛው ሐኪሞች ሳይቀሩ አምነው መቀበላቸው ነው፤ ‹‹ጉድለቱ የእኔ ነው›› ብለው አንገታቸውን ደፍተዋል። እኔ አልቀበለውም። የሰው ሕይወት ጉዳይ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ግድግዳውን ያቆመው የሰው ሕይወት ነው የሚለውን ግን እክዳለሁ። ታካሚን የሚጠብቀው ፈተናው ነው። ፈተናውን ያለፈውን ሐኪም ከደጅ የሚያስቀረው ሌላ ነገር ነው፤ እሱም የሥልጠና ወንበር ቁጥር ነው። ያንን ቁጥር የወሰነው ደግሞ የበጀት ሒሳብ ነው።

መንገዱን በቅደም ተከተል እንየው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር ወይም ከጅማ ተመርቆ አሜሪካ የገባ ሐኪም መጀመሪያ የሚገጥመው ኢ.ሲ.ኤፍ.ኤም.ጂ. ነው፤ በ1956 የተቋቋመ፣ የውጭ አገር የሕክምና ተመራቂዎችን የሚያጣራ ድርጅት። ሐኪሙ ያቀረበውን ዲፕሎማ አይቶ ብቻ አያምንም፤ ያስተማረውን ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ጠይቆ ያረጋግጣል። ቀጥሎ መሠረታዊ የሕክምና ሳይንስ የሚጠየቅበት ስቴፕ ዋን፣ ከዚያም በሽተኛን የመመርመርና የማከም ዕውቀት የሚመዘንበት ስቴፕ ቱ ይመጣል። የእንግሊዝኛ ፈተናም አለ። እነዚህ ስቴፖች ለመጤ ተብለው የተሰናዱ አይደሉም። ሃርቫርድ ወይም ጆንስ ሆፕኪንስ የተማረውም የሚቀመጠው ለዚሁ ፈተና ነው፤ የማለፊያ ነጥቡም አንድ ነው።

እስከዚህ ድረስ አቤቱታ የለኝም። ሰነዱ ይጣራ፣ ዕውቀቱ ይመዘን፣ ቋንቋው ይፈተሽ። ከዚህ ያነሰ የሚጠይቅ አገር ቢኖር እኔም እዚያ ለመታከም አልደፍርም።

ነገሩ መልኩን የሚቀይረው ከዚህ በኋላ ነው። ሁሉንም ያለፈው ሐኪም አሁንም በሽተኛ መንካት አይችልም፤ ሬዚደንሲ የሚባለው የሆስፒታል ሥልጠና ይቀረዋል። ለውስጥ ደዌ ሦስት ዓመት፣ ለጠቅላላ ቀዶ ሕክምና አምስት፣ ለአንጎልና ነርቭ ቀዶ ሕክምና ሰባት ዓመት ነው። ሰውየው አገር ቤት ስፔሻሊቲውን ጨርሶ ለዓመታት ሲሠራ የኖረ ቢሆንም፣ በአብዛኞቹ ስቴቶች ለዘመናት የነበረው ሕግ እንደ አዲስ ተመራቂ ‹‹ሀ›› ብለህ ጀምር ነው የሚለው። ሬዚደንሲ የሚገባው ደግሞ ማች በሚባለው አገር አቀፍ ድልድል ነው። ሐኪሙ ሆስፒታሎችን፣ ሆስፒታሎች ሐኪሞችን በምርጫቸው ቅደም ተከተል ይዘረዝራሉ፤ ኮምፒውተር ያጋጥማቸዋል። በ2024 ድልድል በዚያው ዓመት ከአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ከሚመረቁት የኤም.ዲ. ተማሪዎች 93 በመቶ ያህሉ ቦታ አገኙ። የአሜሪካ ዜግነት ከሌላቸው የውጭ ተመራቂዎች መካከል ያገኙት ግን 58 በመቶ ያህሉ ናቸው። ያውም ይህ ቁጥር ለመጨረሻው ዙር የደረሱትን ብቻ የያዘ ነው። በደርዘን የሚቆጠሩ ሆስፒታሎች አመልክቶ፣ በየማመልከቻው ከፍሎ፣ አንድ ቃለ መጠይቅ እንኳ ሳይደርሰው የቀረው ሐኪም እዚህ ስሌት ውስጥ ስሙም የለም።

እንግዲህ ‹‹የሰው ሕይወት ነው›› ባዩን ልጠይቀው። ቦታ ያገኘውና ያጣው ሐኪም ያለፉት አንድ ፈተና ነው። ያጣው በሚቀጥለው ዓመት ቢያመለክትና ቢያገኝ በዕውቀቱ ላይ የሚጨመር ነገር የለም፤ አንድ ዓመት ብቻ ይጨመርበታል። ታዲያ ዘንድሮ ለታካሚ አደገኛ የነበረው ሰው ለከርሞ ደኅና የሚሆነው በምን ተአምር ነው?

የወንበሩ ቁጥር ከየት እንደመጣ ማወቅ ይህን ክርክር ግማሹን ይጨርሰዋል። አሜሪካ ለውጭ ሐኪም በሯን ስትከፍትና ስትዘጋ የኖረችው የትምህርት ቤቱን ጥራት እየመዘነች አልነበረም። ሐኪም አነሰ ሲባል፣ ከ1965 የኢሚግሬሽን ሕግ በኋላ በተለይ፣ ከእስያና ከሌላውም ዓለም በገፍ አስገባች። በ1976 ኮንግረስ የሐኪም እጥረት የለም ብሎ በሕግ ጽፎ አገባባቸውን አጠበቀ። መንግሥት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚቴ በ1980 ባወጣው ሪፖርት፣ በ1990 ወደ 70,000 የሚጠጋ ትርፍ ሐኪም ይኖራል ብሎ ተነበየ። ሐኪም ይተርፋል የሚለው ሥጋት ሲንከባለል ቆይቶ በ1997 የበጀት ሕግ ውስጥ ገባ፤ ሜዲኬር፣ ማለትም የአረጋውያኑ የመንግሥት የጤና መድን፣ ለሆስፒታሎች የሚከፍልባቸው የሬዚደንሲ ቦታዎች በ1996 በነበሩበት ልክ እንዲቆሙ ተደረገ። ሆስፒታሎች በራሳቸው ገንዘብ የጨመሯቸው ቦታዎች አሉ፤ ዋናው ከፋይ ግን እጁን አጣጥፎ ከሃያ ዓመት በላይ ቆየ። በ2020 ማብቂያ ላይ ኮንግረስ 1,000 ቦታ ሲጨምር እንኳ በዓመት ከ200 እንዳይበልጥ ብሎ ነው።

ትንቢቱ ከሸፈ። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር በ2024 ባወጣው ግምት በ2036 አገሪቱ እስከ 86,000 ሐኪሞች ሊጎድሏት ይችላሉ። ትርፉ ጉድለት ሆነ፤ በትርፉ ፍርሃት የተሠራው ግድብ ግን ቆሞ ቀረ። ዛሬ ስንጠይቅ ‹‹ለታካሚው ደኅንነት ነው›› ይሉናል። ያኔ ሲያቆሙት ይህን አላሉም።

ይበልጥ ግልጽ ማስረጃ የሚፈልግ የ2020ን የጸደይ ወራት ያስታውስ። ኮቪድ ኒውዮርክንና ኒውጀርሲን ባጥለቀለቀ ጊዜ የኒውጀርሲ አስተዳደር በሌላ አገር ፈቃድ ያላቸው ሐኪሞች በጊዜያዊ ፈቃድ እንዲሠሩ ፈቀደ፤ ኒውዮርክም የውጭ ተመራቂዎች ላይ የነበረውን መስፈርት አላላች። በየካቲት ለታካሚ ያሰጋ የነበረ ዲግሪ በሚያዝያ ታማኝ ሆነ ማለት ነው። በመሃሉ የተለወጠ ካሪኩለም የለም፤ የተለወጠው የበሽተኛው ብዛት ነው። ደኅንነት በእውነት መለኪያው ቢሆን ኖሮ፣ ሐኪም ድካም ገሎት ስህተት በሚበዛበት በዚያ ቀውጢ ጊዜ መስፈርቱ ይጠብቅ ነበር እንጂ አይላላም።

ወደ ሁለተኛው የተለመደ አስተያየት ልሻገር፦ ‹‹የእኛ ትምህርት ደካማ ነው።›› ይህ ከፈረንጅ ይልቅ ከሐበሻ አፍ ነው የሚበዛው። እውነት የለውም አልልም። በ2012 በአንድ ጊዜ 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ መምህሩም፣ ላብራቶሪውም፣ በሽተኛ የሚታይበት ሆስፒታሉም እኩል አልተከፈቱም። በአንዱ አልጋ ዙሪያ የሚሰለፈው ተማሪ ብዛት የታወቀ ነው። ጥቁር አንበሳ የሠለጠነና መምህር ባልተሟላለት ግቢ የሠለጠነ አንድ ነው የሚል ካለ ራሱን ያታልላል።

ግን ይህ ክርክር የአሜሪካውን ግድግዳ አያስረዳም። ያው ዲግሪ፣ ያው ማኅተም፣ ሌላ አገር ሲሄድ የሚገጥመውን እንይ። እንግሊዝ የሚሄደው የእኛ ሐኪም ፕላብ የሚባለውን ባለሁለት ክፍል ፈተና ይወስዳል። አንደኛው የጽሑፍ ነው፤ ሁለተኛው ማንቸስተር ላይ፣ በሽተኛ ሆነው በሚተውኑ ሰዎችና በመርማሪዎች ፊት የሚሰጥ የተግባር ፈተና ነው። ሁለቱንም ካለፈ፣ የኢንተርንነት ማስረጃውና እንግሊዝኛው ከተሟላ፣ ተመዝግቦ በመንግሥት የጤና አገልግሎቱ (በኤን.ኤች.ኤስ.) ሆስፒታል መቀጠር ይችላል። ጀርመን በ2012 ባወጣችው ሕግ መሠረት የአመልካቹን ትምህርት ከራሷ ጋር አነጻጽራ የጎደለውን በጽሑፍ ዘርዝራ ትነግረዋለች፤ ጉድለቱን በልምዱ ማካካስ ካልቻለ የቃልና የተግባር ፈተና ይቀርብለታል። የጀርመንኛው ፈተናም ቀልድ የለውም። እስከዚያው በተወሰነ ፈቃድ፣ በበላይ ሐኪም ሥር፣ እንዲሠራ የሚፈቀድበት አሠራር አለ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሰነዱን ዳታፍሎ በተባለው ድርጅት አጣርተው፣ የፕሮሜትሪክ ፈተና ሰጥተው ሥራ ያስገባሉ። እርግጥ ነው፣ እነሱም የስፔሻሊቲ ወረቀትን በአገር እየከፋፈሉ ማዕረግ ይቀንሳሉ፤ ደመወዙም እንደ ፓስፖርቱ ነው። ቢሆንም ዐሥር ዓመት ቢላዋ የያዘን ቀዶ ሐኪም እንደገና ኢንተርን አያደርጉትም።

የእነዚህ ሁሉ አገሮች ሕይወት ረክሶ ነው? የለንደን ወይም የበርሊን በሽተኛ ከሜሪላንዱ በሽተኛ ያነሰ ዋጋ አለው? ዲግሪው አንድ ሆኖ በር ላይ የሚደረግለት አቀባበል እንዲህ የሚራራቅ ከሆነ፣ ምክንያቱን ዲግሪው ውስጥ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። የማውቃት አንዲት የማሕፀንና ጽንስ ሐኪም አለች። አገር ቤት ስድስት ዓመት ሕክምና ተምራ፣ ገጠር ሆስፒታል ሠርታ፣ ከዚያ አራት ዓመት ስፔሻሊቲ ጨርሳለች። ዛሬ በአንድ ሆስፒታል የወላድ ክፍል የአዳር ረዳት ናት፤ አልጋ ታነጥፋለች፣ ሙቀትና ደም ግፊት ትለካለች። አንድ ሌሊት ከወለደች ጥቂት ሰዓት የሆናት ሴት ራሴን አመመኝ ትላለች። ግፊቱ ሲለካ 160 በ110 ነው። ይህች ሐኪም ምን እያየች እንደሆነ፣ ቀጥሎ ምን ሊመጣ እንደሚችል፣ የትኛው መድኃኒት በስንት ግራም መጀመር እንዳለበት ታውቃለች፤ ማግኒዥየም ሰልፌት በገዛ እጇ ሰጥታ ስንቷን እናት ከሚያንዘፈዝፈው ሕመም ያተረፈች ናት። ሕጉ የሚፈቅድላት ቁጥሩን መዝግባ ነርሷን መጥራት ነው፤ ያንኑ አደረገች። ነርሷ ሬዚደንቱን ጠራች። ሬዚደንቱ፣ ከዓመት በፊት ተማሪ የነበረ ልጅ፣ መጽሐፉ የሚለውን በትክክል አደረገ፤ እናትየዋም ዳነች።

በዚያ ሌሊት ማንም አላጠፋም። ፈቃድ የሌለው ሰው መድኃኒት አይዘዝ፤ እሷም ይህን አጥብቃ ታምናለች። የሚያስቆጨው፣ ይህች ሴት የምታውቀውን ታውቅ እንደሆነ ፊት ለፊት አስቀምጦ የሚጠይቃት መንገድ አለመኖሩ ነው። ስቴፖቹን አልፋለች። ማመልከቻዋ ግን ገና ሰው ሳያነበው በኮምፒውተር ይወድቃል፤ ብዙ የሬዚደንሲ ፕሮግራሞች ከተመረቀ ከአምስት ዓመት ያለፈውን አመልካች ስለማይፈልጉ ማጣሪያቸውን እንዲያ ያበጁታል። ማለትም ልምድ ባከማቸች መጠን ተፈላጊነቷ ይቀንሳል። አገር ቤት ከተመረቀ በኋላ ዕጣ ደርሶት ገጠር የዘመተ፣ ከዚያ ስፔሻሊቲ የገባ፣ ከዚያ ዲቪ የወጣለት ሐኪም የአሜሪካን አፈር ሲረግጥ ማጣሪያው አስቀድሞ ጥሎታል። ልምድን እንደ ጥፋት የሚቆጥር መለኪያ ለታካሚ ደኅንነት የተበጀ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ቢኖር ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ።

ለተቃዋሚዎቼ ጠንካራውን ክርክራቸውን ልስጣቸው። ሬዚደንሲ ዕውቀት ብቻ አያስተምርም ይላሉ፤ ቡድን ውስጥ መሥራትን፣ የሕክምና መዝገብ አያያዝን፣ ከታካሚ ጋር አብሮ መወሰንን፣ አገር ቤት ያልነበሩ መሣሪያዎችንና መድኃኒቶችን ያለማምዳል። ልክ ናቸው። በ2017 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ ትልቅ ጥናት የሜዲኬር ሕሙማንን ተመልክቶ፣ በውጭ ተመራቂ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች የታከሙት በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸው 11.2 በመቶ፣ በአሜሪካ ተመራቂዎች የታከሙት 11.6 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል። በእኛ ወገን ያለ ሰው ይህን ጥናት እንደ ድል ነጋሪት ይጎስመዋል። ነገር ግን እነዚያ የውጭ ሐኪሞች በሙሉ የአሜሪካን ሬዚደንሲ ያለፉ ናቸው፤ ስለዚህ ጥናቱ ሬዚደንሲ አያስፈልግም አይልም። የሚለው ይህን ነው፦ በውጭ አገር መማር በራሱ ሐኪምን አያሳንስም፤ ዕድሉን ያገኘው ሰው አላሳፈረም።

ታዲያ አገሩን ለማላመድ ሦስትና ሰባት ዓመት ያስፈልጋል ወይ? ካናዳ በበርካታ ክፍለ አገሮቿ ሌላ መንገድ አበጅታለች። አገሩ ሠልጥኖ የሠራን ሐኪም ለ12 ሳምንት ያህል በሥራ ቦታ፣ እውነተኛ በሽተኛ እያየ፣ ልምድ ያለው ሐኪም ትከሻው ላይ ቆሞ ይገመግመዋል። የማይበቃው ይወድቃል። የሚበቃው ሐኪም ወደጠፋበት ገጠር ሄዶ ለተወሰነ ዓመት ይሠራል። አሜሪካም ውስጥ ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። የራዲዮሎጂ ስፔሻሊቲን የሚያረጋግጠው ቦርድ በውጭ የሠለጠነ ራዲዮሎጂስት በአንድ ተቋም ለአራት ዓመት ከሠራና ከተገመገመ፣ ሬዚደንሲ ሳይደግም ለቦርድ ፈተና እንዲቀመጥ ይፈቅዳል። ኤክስሬይ አንባቢውን ሠርቶ በማሳየት መመዘን ከተቻለ፣ አዋላጁንና የሕፃናት ሐኪሙን መመዘን የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ሕግ አውጪዎቹም ቀስ በቀስ እየገባቸው ነው። ሚኒሶታ በ2015 የውጭ ሐኪሞችን የሚያግዝ ፕሮግራም በማቋቋም ቀዳሚ ሆነች። ቴነሲ በ2023 በሌላ አገር ፈቃድ ይዞ የሠራና ፈተናውን ያለፈ ሐኪም ሬዚደንሲ ሳይደግም በጊዜያዊ ፈቃድ፣ በሆስፒታል ቁጥጥር ሥር እንዲሠራ የሚያስችል ሕግ አወጣች። ቨርጂንያ፣ ፍሎሪዳና ማሳቹሴትስ በ2024፣ ቴክሳስ በ2025 ተከተሉ። ወግ አጥባቂውም ሊበራሉም ስቴት ውስጥ ማለፉ ብቻ የሚነግረን አለ፤ ሐኪም ያጣ ገጠር ፓርቲ አይለይም።

በእነዚህ ሕጎች ላይ ግን እልል አልልም። አንደኛ፣ ፈቃዱ ተሰጥቶ የቦርድ ሰርተፊኬት ከተከለከለ፣ ብዙ ሆስፒታልና የጤና መድን ድርጅት ሐኪሙን አይቀበለውም፤ ቦርዶቹ ደግሞ አብዛኞቹ አሁንም የአሜሪካን ሬዚደንሲ ነው የሚጠይቁት። ሁለተኛ፣ ፈቃዱ በአንድ ስቴት፣ አንዳንዴም በአንድ አሠሪ የታጠረ ነው። የመኖሪያ ወረቀቱና የሙያ ፈቃዱ በአንድ አሠሪ መዳፍ ውስጥ የወደቀ ሐኪም በሽተኛ ሲበደል ቢያይ ደፍሮ ይናገራል ብላችሁ አትጠብቁ። ስለ ታካሚ ደኅንነት የሚጮኸው ሁሉ ድምፁን ማሰማት የነበረበት እዚህ ላይ ነው፤ እስካሁን ግን ጎልቶ ሲሰማ አላየሁም።

የቀረው ሙግት ከአገር ቤት የሚመጣው ነው፤ የሚያመውም እሱ ነው። ‹‹ድሀ ሕዝብ ግብር ከፍሎ ያስተማረውን ሐኪም ለሀብታም አገር ማመቻቸት ነውር አይደለም?›› ይሉኛል። በኢትዮጵያ ለ10,000 ሰው አንድ ሐኪም ገደማ ነው ያለው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ኢትዮጵያን የጤና ባለሙያ እጥረት ከጠናባቸውና ሌሎች በንቃት መመልመል ከማይገባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷታል። ቁጣው ይገባኛል። ዒላማው ግን ተሳስቷል። እኔ የምናገረው እዚህ ስላለ ሰው ነው፤ በዲቪ የመጣ፣ የትዳር ጓደኛውን የተከተለ፣ ጥገኝነት ያገኘ። እሱን ነርሲንግ ሆም ውስጥ ማስቀረት ለጋምቤላ ወይም ለዋግ ኽምራ አንድ ሐኪም አይመልስም። ሁለቱም አገር ይከስራሉ፤ ኢትዮጵያ ሐኪሟን አጣች፣ አሜሪካም አልተጠቀመችበትም። ከኪሳራ ሁሉ የከፋው እንዲህ ለማንም ሳይሆን የሚቀረው ነው።

እንግሊዝ ይህን ልዩነት በደንቧ አስቀምጣዋለች፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ በዝርዝሩ ካሉ አገሮች ኤጀንሲ ልኮ መመልመል ክልክል ነው፣ በራሱ ተነሳስቶ ያመለከተን ግለሰብ ግን አትመልስም። በሩ ቢሰፋ ለመሄድ የሚነሳሳ ሐኪም ይኖራል፤ አልክድም። ቢሆንም ሐኪሙን ከአገር የሚያስወጣው የቴነሲ ሕግ ነው የሚል ሰው ግንቦት 2017 ዓ.ም. (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ላይ የጤና ባለሙያዎቻችን ሥራ ያቆሙበትን ምክንያት ይጠይቅ። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያና ስለ ኑሮ ነበር ጩኸቱ። ሐኪም የሚቆየው አገሩ ሲይዘው ነው። የባዕድ አገር ግድግዳ የእኛን ጉድለት እንዲሸፍንልን መመኘት ለሐኪሙም ለበሽተኛውም አይበጅም።

ከሁሉ ለመመለስ የሚከብደኝ ግን የእነዚያ በጠባቡ በር ያለፉት ወገኖቻችን ቃል ነው። ‹‹እኛም ታግለን፣ ሌሊት ሠርተን ቀን አጥንተን ነው ያለፍነው። እነሱስ ምን ልዩ አድርጓቸው?›› ድካማቸውን አከብራለሁ። ስኬታቸው ግን የሥርዓቱን ትክክለኛነት አያስመሰክርም። ብዙዎቹ ያለፉት ጎበዝ ስለሆኑ ብቻ እንዳልሆነ ራሳቸው ያውቁታል። በወጣትነታቸው መጡ፤ የሚያሳድራቸው ዘመድ ነበራቸው፤ የምክር ደብዳቤ የጻፈላቸው፣ ሆስፒታል ገብተው ሥራ እንዲመለከቱ የፈቀደላቸው ሰው አገኙ። እኩል ጎበዝ ሆኖ ሦስት ልጅ ይዞ የመጣው፣ በወሩ ኪራይ መክፈል የነበረበት፣ መንገድ ላይ ቀረ። እኔ አልፌያለሁና ሁሉም እንደኔ ይለፍ ማለት መከራን እንደ ርስት ማውረስ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ይጥራ። ‹‹ላይሰንስ በነጻ ይታደል›› የሚል የለም፤ ካለም አልተባበርም። የምንጠይቀው አራት ነገር ነው። ሰነድና ፈተና እንዳለ ይቆይ። ፈተናውን ላለፈና አገሩ ለሠራ ሐኪም፣ ከተመረቀበት ዓመት ይልቅ የሚሠራውን አይቶ የሚፈርድ፣ በወራት የሚያልቅ የሥራ ላይ ግምገማ ይከፈትለት፤ የጎደለው ነገር ካለ በጽሑፍ ይነገረው፣ ያንን ብቻ ይሙላ። ከገመገሙት በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ ከአሠሪ ወደ አሠሪ የሚሄድ፣ በጊዜው ወደ ሙሉ የሚያድግ ይሁን። የስፔሻሊቲ ቦርዶችም የራዲዮሎጂው ቦርድ የከፈተውን ዓይነት በር ይክፈቱ። ይህን ሁሉ አድርጎ የወደቀ ሐኪም ቢኖር በመመዘኛው ወደቀ እንላለን፤ በጸጋ እንቀበላለን።

ይህን የሚናገረው ማን ነው? ኡበር የሚነዳው ሐኪም ሪችመንድ ሄዶ በቨርጂንያ ምክር ቤት ቢመሰክር ‹‹ለራሱ ነው›› ይባላል። ቦርድ ሰርተፊኬቱን ግድግዳው ላይ የሰቀለው፣ የሆስፒታል ክፍል ኃላፊ የሆነው፣ የሬዚደንሲ አመልካቾችን ፋይል የሚያነበው ሐበሻ ሐኪም ቢመሰክር ግን ይሰማል። ማጣሪያው ላይ ‹‹ከአምስት ዓመት በላይ›› የሚለውን ምልክት ማንሳት የሚችለው፣ አንድ ልምድ ያለው አመልካች ለቃለ መጠይቅ ይጠራ ብሎ በስብሰባ ላይ እጁን ማውጣት የሚችለው እሱ ነው። የሙያ ማኅበሮቻችን በዓመት አንዴ እራት ከመብላትና ሽልማት ከመሰጣጠት አልፈው፣ ረቂቅ ሕግ በሚታይበት ቀን ነጭ ካፖርታቸውን ለብሰው ምክር ቤት ይገኙ። ዝም ካሉ ግን ‹‹የሰለጠነ አገር አሠራር ነው›› የሚለውን ማመካኛ ይተዉት፤ ዝምታቸው የራሳቸው ውሳኔ ነው።